ኦክስጅኑስ የት ሄደ?

ስለ ክላስተር ራስ ምታት (በአንድ ዓይን ዙሪያ እየተመላለሰ የሚነሣ እጅግ ከባድ ሕመም) ሕክምና ያነበብኩት ጽሑፍ ማስታገሻ የሆነውን የሱማትሪፕታን መርፌን ብቻ ጠቅሶ ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል። 6 ሚሊ ግራሙ ቶሎ እንደሚያስታግሥ አልክድም፤ ግን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለሚነሣ ሕመም የማን ኪስ ይችለዋል? እኔን ራሴን ከግድግዳ ጋር ከማላተም ያዳነኝ ንጹሕ ኦክስጅን ነው፦ በደቂቃ ከ12 እስከ 15 ሊትር፣ ከረጢት ባለው ጭምብል፣ ለ15 ደቂቃ ያህል። አንድ ድንገተኛ ክፍል በአፍንጫ ቱቦ ጥቂት ጥቂት ሲሰጠኝ ግን ዓይኔ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። ለመከላከያ ቬራፓሚል እወስዳለሁ፤ ለደም ግፊትም የሚታዘዝ የቆየ መድኃኒት ነው። ሐኪሜ በቀን 240 ሚሊ ግራም አስጀምራኝ መጠኑን ቀስ በቀስ ስትጨምር ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) ሳታይ አንድም ጊዜ አላለፈችም፤ መድኃኒቱ የልብን ምት ያዘገያላ! የምርመራውን ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ በራሱ የሚጨምር ሰው ግን አውቃለሁ፤ ያስፈራኛል። ሲጋራዬን ከኦክስጅን ሲሊንደሩ ለማራቅ በረንዳ ወጥቻለሁ፤ ማቆሙ ገና ነው።