አንድ እንቦጭ ለሃምሳ ሰው ጌጡ

ምስጋና ሲዘገይ ያስቀይማል። ስለዚህ ሳልውል ሳላድር የአንድ ቀን ውሃ ታዳጊዎችን ላመስግን። ታውቋቸዋላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ነጭ ቲሸርት ለብሰው ይወጣሉ፣ ሐይቅ ያድናሉ፣ ለማታው ኳስ ይደርሳሉ። እኔም አንዱ ነበርኩ። ምስጋናው ለእኔም ይደርሳል ማለት ነው፤ ዓይን አውጣ አትበሉኝ።

ዘመቻው እንቦጭ ነቀላ ነበር። ጣና፣ በፎገራ በኩል። ከባሕር ዳር በሁለት ቅጥቅጥ ተነሳን፤ ሃምሳ እንሆናለን። መነሻው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተብሎ የተነሳነው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ወሬኛ ሰው ይሄንን መዘግየት ይለዋል። እኛ ግን የቲሸርት ቁጥር እያስተካከልን ነበር። ትልቁ የደረሰው ትንሽ ይፈልጋል፣ ትንሹ የደረሰው ትከሻው ላይ ጠበበኝ ይላል። ከፊቱ «ጣናን እንታደግ!» ይላል። ጀርባው ላይ የስፖንሰራችን አርማ አለ፤ ከጣና ትንሽ ይበልጣል። ምን ችግር አለው? እንቦጭ በሁለት ሳምንት ራሱን እጥፍ የሚያደርግ ተክል ነው። ለሦስት ሰዓት አይቀየምም።

ጉማራ ድልድይ ስንደርስ ሾፌሩ አቆመ። የክብር እንግዳ ስላለ መኪናው በአቧራ አይገባም አለ። ረዳቱ ባልዲና ኦሞ ይዞ ወንዙ ዳር ወረደ። ጎማውን አሸ። ስፖኪዮውን አሸ። ጣሪያው ላይ ወጥቶም አሸ። ሥራ ወዳድ ልጅ ነው፣ እውነቴን ነው። እኛ ቁመን ሻይ እየጠጣን አበረታታነው። አረፋው ነጭ ሆኖ፣ እየተሽከረከረ፣ በጉማራ ላይ ወረደ። ጉማራ ደግሞ የሚገባው ጣና ነው። አንድም ሰው አረፈደ እንዳትሉን፤ አረፋችን ቀድሞን ሄዷል።

መኪናው የማይገባበት ስንደርስ ወርደን በሩዝ ማሳዎች መካከል በእግር ገባን። ዳርቻው ላይ ገበሬዎች ነበሩ። ከመቼ ጀምሮ እንዳሉ አላውቅም፤ ልብሳቸው እስከ ወገባቸው ርሶ፣ ከወገብ በላይ ደግሞ ደርቆ ነበር። ውሃ ውስጥ ቆመው በእጃቸው ይነቅላሉ፣ ሌሎቹ በእንጨት ቃሬዛ ወደ ዳር ያወጣሉ። እንቦጭ ከመቶ ዘጠናው በላይ ውሃ ነው። ይከብዳል። አንድ ሽማግሌ ወጥተው ተቀመጡና ከባታቸው ላይ አልቅት ነቅለው ጣሉ። እንደ እሾህ። ሁለተኛ ነቀሉ። ከዚያ ተመልሰው ገቡ።

አስተባባሪያችን ግን ወደ ውሃው እንዳንገባ አዘዘ። ቲሸርቱ ነጭ ነዋ።

እዚህ ላይ የዘመቻውን ጥበብ ማድነቅ ግድ ይለኛል። ከገበሬዎቹ አንዱ የነቀለውን አንድ እንቦጭ ተቀበልን። «አበባ ያለው ይሁን» አለች ካሜራ የያዘችው ልጅ። ወይን ጠጅ አበባ ያለው ተመረጠ፣ ሥሩ ታጥቦ ጭቃው ወረደ። ከዚያ እንደ ዋንጫ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ ትከሻው ላይ አድርጎ ተነሳ። አንዱ እየታገለው ተነሳ። አንዷ እያለቀሰችለት ይሁን እያለቀሰችበት ባይገባኝም ጥሩ ፎቶ ወጥቷታል። ሃያኛው ሰው ጋ ቅጠሉ ጠወለገ። አርባኛው ሰው አበባውን በሁለት ጣቱ ቀና አድርጎ ይዞ ነው የተነሳው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? እኛ አሻሻልነው። አንዱን እንቦጭ ሃምሳ ሆነን አጌጥንበት።

የመጨረሻው ሰው ተነስቶ ሲያበቃ ወረወረው። ወደ ሐይቁ።

ተቺዎች ለምን በእንቦጭ ላይ ብቻ ትዘምታላችሁ ይላሉ። አልገባቸውም። እንቦጭ ዘመድ የለውም። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። እኛ ዘንድ በ1950ዎቹ መጨረሻ ቆቃ ላይ ታየ፣ ጣና ላይ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ተመዘገበ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አንድም ዋስ ጠበቃ አላቆመም። ስብሰባ ላይ «ይሄ ስም ማጥፋት ነው» አይልም። ደስ የሚል ጠላት ነው።

የሚያደልበው ግን እኛው ነን። ከከተማ በሚወርደው ፍሳሽና ከማሳ ታጥቦ በሚመጣው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው ቀለቡ። ፍሳሽ ደግሞ ባለቤት አለው። ስልክ ቁጥርም አለው። የስፖንሰራችንን ቤት ውሰዱ። ሐይቁ ዳር ነው፣ ማኪያቶው ግሩም ነው፣ ከበረንዳው ሥር አንድ ወፍራም ቧንቧ ወደ ውሃው ይወጣል። ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዳንዴ ሽታው ሲያስቸግር ወንበር እንቀይራለን። ታዲያ በዚያ ቧንቧ ላይ ይዘመት? ማን ቲሸርት ያሳትማል?

ደግሞም ቧንቧ ፎቶ ላይ አያምርም። የውሃ ፓምፕም እንደዚያው። ሐረማያ ሐይቅን አስታውሱ። ለጫት መስኖ ተቀዳ፣ ለከተማ ተቀዳ፣ ደለሉም ከተራራው እየወረደ ሞላው፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ከብት የሚሻገረው ሜዳ ሆነ። በኋላ ዝናቡ ደህና ሲጥል ውሃ ተመልሶበታል። ለሰማዩ ግን ሰርተፊኬት የሰጠው የለም፤ ስላልተመዘገበ ነው።

መመዝገብ ትልቅ ነገር ነው። ጣና ራሱ በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝገብ ላይ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ገብቷል። እኛም በአቴንዳንስ ወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ ፈረምን፦ ለመገኘት፣ ለቲሸርት፣ ለውሎ አበል። ሦስተኛው ላይ ማንም አልተሳሳተም።

ከዚያ የክብር እንግዳው መጡ። ንግግር ሆነ። ጸሐዩ ከረረና ሃይላንድ ታደለ። ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለ ጨው አልባ ውሃ ፊት ለፊት ቆመን፣ እሱን እናድን እያልን፣ የታሸገ ውሃ ጠጣን። በዚህ የምናፍር ሰዎች አይደለንም። ባዶውን ላስቲክ የት እንጣል ብሎ የጠየቀ አንድ ልጅ ነበረ፤ «ክምሩ ላይ» ተባለ። ክምሩ ገበሬዎቹ ቀኑን ሙሉ ያወጡት እንቦጭ ነው። ከሐይቁ አሥር እርምጃ አይሆንም። ተጭኖ ካልተወሰደ ወይም ካልተቃጠለ፣ ክረምት ውሃው ሲሞላ መጥቶ ይወስደዋል። ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ተኝቶ መነሳት ይችላል። ይሄ ስጋት አይደለም። ለሚመጣው ትውልድ ዘማች ሥራ አስቀምጠንለታል ማለት ነው፤ እኛ ያገኘነውን ፎቶ እሱም ያግኝ።

ሪፖርቱ እዚያው ቆመን እያለ ተነበበ። ሃምሳ ሁለት ተሳታፊዎች። የተነቀለው መጠን «ከፍተኛ» ተብሎ ተያዘ። ጭብጨባው ሞቅ ያለ ነበር። ገበሬዎቹም ከውሃው ውስጥ አጨበጨቡ፤ እርጥብ እጅ ሲያጨበጭብ ድምፁ ይለያል።

መኪና ልንገባ ስንል እኚያ አልቅት ሲነቅሉ የነበሩት ሽማግሌ መጡ። ከአስተባባሪው ፊት ቆመው በካርቶን ውስጥ የተረፉትን ቲሸርቶች አዩ።

«ልጄ፣ ከዚህች አንዲት አትተርፍህም? የለበስኳት አለቀች።»

አስተባባሪው ጨዋ ልጅ ነው። ወረቀቱን አወጣ፣ ከላይ እስከ ታች በጣቱ ፈለገ፣ ገልብጦም ፈለገ።

«አባቴ፣ ስምዎ የለም እኮ። ይሄ ለተሳታፊ ብቻ ነው የተፈቀደው።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ትንሽ አዩት።

«እንግዲያ ለሚቀጥለው ቀደም ብዬ እመዘገባለሁ» አሉና ሱሪያቸውን ሰብስበው ወደ ውሃው ተመለሱ።