ታመን የቀረንበትን ቀን ማን ይክፈል?

ጥያቄው ይህ ነው፦ ሕግ አሠሪን የሕመም ፈቃድ ከነክፍያው እንዲሰጥ ማስገደድ አለበት? አንዲት ምግብ አብሳይ «አዎ» ትላለች። አምስት ሠራተኞች ያሉት የማተሚያ ቤት ባለቤት «አይሆንም» ይላል። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አብሳይዋ፦ ትኩሳት ይዞኝ ሰላጣ ከትፌ አውቃለሁ። ቢላዋው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ በየመሃሉ ወደ መጸዳጃ ቤት እሮጣለሁ። ልቅር ብል የዚያ ቀን ክፍያ የለም። አከራይ ደግሞ «ታመሽ ነበር» ብሎ ኪራይ አይቀንስም። ያን ቀን ከእጄ የበሉት ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው አላውቅም፤ ዛሬም ይከነክነኛል። ኖሮቫይረስ የሚያመጣው የሆድ ሕመም ከተሻለ በኋላ እንኳ ቢያንስ ሁለት ቀን ከምግብ ሥራ መራቅ ያስፈልጋል። ያለ ደመወዝ ማን ይርቃል? ፈቃዱ ለእኔ የሚጣል ምጽዋት አይደለም፤ ለበላተኛውም ለባልደረባዬም ነው። ጀርመን የሕመም መድን ሕግ ያወጣችው በ1883 ነው። ዛሬ እዚያ አሠሪው እስከ 6 ሳምንት ሙሉ ደመወዝ ይከፍላል።

ባለቤቱ፦ እህቴ፣ ያሳለፉት ቀን ያሳዝናል። ግን የእኔንም ይስሙኝ። አንድ ሳምንት ሁለት ሠራተኞቼ ባንዴ አልጋ ያዙ። ለታመሙት ከፈልኩ። ለቀሩት የትርፍ ሰዓት ከፈልኩ። ሥራው ግን አልደረሰም፤ ደንበኛዬም ሌላ ጋ ሄደ። ትልቅ ድርጅት ሁለት ሰው ቢጎድልበት አይሰማውም። እኔ ጋ ሁለት ሰው ማለት ግማሽ ለመሆን ትንሽ የቀረው ነው። ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? ከቀጣዩ የደመወዝ ጭማሪ፣ ወይም ስድስተኛውን ሰው ባለመቅጠር። ሳይታመም የታመመ የሚያስመስልም አይጠፋም። ስዊድን በ1993 የመጀመሪያውን የሕመም ቀን ያለ ክፍያ ያደረገችው ዝም ብላ አይደለም። ጀርመንም ራሷ በ1996 ክፍያውን ወደ 80 በመቶ አውርዳው ነበር።

አብሳይዋ፦ አውርዳ በ1999 መለሰችው፣ ወንድሜ! የመጀመሪያው ቀን ነገርማ ጭራሽ አይገባኝም። ኢንፍሉዌንዛ ይበልጥ የሚተላለፈው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ገደማ ነው። እርስዎ ክፍያ የሚከለክሉት ሰውየው ቤቱ መተኛት ባለበት ቀን ነው። አንዱ ማሽንዎ አጠገብ ቆሞ ሲያስል ቢውል፣ ሁለት ሳይሆን አምስቱም ይተኙብዎታል። ለማስመሰሉ መላ አለው፦ የአሜሪካዋ ከተማ ሳን ፍራንሲስኮ ከ2007 ጀምሮ ለየ30 ሰዓት ሥራ አንድ ሰዓት ፈቃድ ታስቆጥራለች። ያልሠራ አያጠራቅምም።

ባለቤቱ፦ እሱ ይሻላል፤ ልኩ ይታወቃል። እኔን የሚያስፈራኝ ረጅሙ ሕመም ነው። በጀርመን እስከ 30 ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ወደ ጋራ ካዝና ያዋጣሉ፤ ከከፈሉት የሕመም ደመወዝ ጥሩ ድርሻ ይመለስላቸዋል። ሕጉ ካዝናውን አብሮ ካላመጣ አልደግፈውም።

አብሳይዋ፦ ካዝናው እስኪቋቋም፣ ነገ ጠዋት ትኩሳት ይዟት የምትነሳው ምን ታድርግ?

ባለቤቱ፦ ትደውልልኝ። የነገውን እከፍላለሁ። ሁለተኛውን ወር ግን ብቻዬን አልችልም።