ሴሮቶኒንን ማን ለካው?

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ በተካሄደ የአእምሮ ጤና ውይይት አንድ ተጋባዥ ባለሙያ እንዲህ አለ፦ «ድባቴ የአንጎል ኬሚካል መዛባት ነው። ሴሮቶኒን የሚባለው ኬሚካል ሲያንስ ይመጣል። ልክ እንደ ስኳር በሽታ ነው፤ መድኃኒት ይወሰዳል፣ አለቀ።» አዳራሹ አጨበጨበ። «አለቀ» ባይል ኖሮ እኔም ዝም ባልኩ ነበር።

ስኳርን ካነሳው አይቀር ከስኳር እንጀምር። ጤና ጣቢያ ስትሄድ ጣትህን ወጋ ያደርጉሃል፣ ደሙ ማሽን ላይ ይነካል፣ ቁጥሩ ይመጣል። ሸዋሮቢት ላይ ወባ የጠረጠረ ሰው ደም ይሰጣል። ሳንባ ነቀርሳ የአክታ ምርመራ አለው። ድባቴስ? ጥያቄ ነው የሚጠየቀው። እንቅልፍ እንዴት ነው? ምግብ ይበላልሃል? መኖር ያስጠላሃል? ጥያቄዎቹ ጥሩ ናቸው፣ ግን አንዳቸውም ሴሮቶኒን አይለኩም። ደብረ ብርሃንም ሆነ ለንደን፣ ሐኪም ድባቴን የሚለየው የአንጎል ሴሮቶኒን ለክቶ አይደለም። ደም መቅዳትም አያዋጣም፤ አብዛኛው የሰውነታችን ሴሮቶኒን አንጀት ውስጥ ነው፣ ደም ውስጥ ያለውም የአንጎሉን አይናገርም። ያልለካኸውን «አነሰ» የምትለው በየትኛው ሚዛን ነው?

እውነተኛ እጥረት ሲኖርማ ይለካል። የታይሮይድ ዕጢው የሰነፈበት ሰው ይደክመዋል፣ ይከፋዋል። ደሙ ይመረመራል፣ የጎደለው ሆርሞን ይተካለታል። እጥረት እንዲህ ነው።

«መድኃኒቱ ስለሚሠራ እጥረት ነበረ ማለት ነው» የሚሉትማ ይገርሙኛል። መንዝ ውስጥ ዓይናፋር ሚዜ ሁለት መለኪያ አረቄ ሲቀምስ አንደበቱ ይፈታል። ታዲያ ዓይናፋርነቱ የአረቄ እጥረት ነበር? ደግሞም ኪኒኑ የሴሮቶኒንን ነገር የሚነካው በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ሰውየው የሚሻለው ግን ከሳምንታት በኋላ። ነገሩ እጥረት ብቻ ቢሆን ማታ ውጦ ጠዋት በሳቀ ነበር።

መድኃኒቱ አይረባም አላልኩም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ግምገማ 522 ሙከራዎችን አይቶ፣ 21ዱም የድባቴ መድኃኒቶች መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ ኪኒን እንደሚሻሉ አሳይቷል፤ ብልጫቸው በአማካይ መጠነኛ ቢሆንም። ኪኒን የጀመረ ሰው ይህን አንብቦ በድንገት እንዳያቋርጥ፣ ሐኪሙን ያማክር። ክርክሬ ስለ መንስኤው ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆአና ሞንክሪፍና ባልደረቦቿ የአሥርት ዓመታት ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ ድባቴ ሴሮቶኒን ሲያንስ ይመጣል ለሚለው ወጥ ማስረጃ አላገኙም። ያኔ የተቿቸው በርካታ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች «እኛማ ነገሩ እንዲህ ቀላል ነው መቼ አልን?» ነበር መልሳቸው። እሺ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ማን አለው?

«ሰይጣን ነው ከማለት ይሻላል» የሚል መከላከያ አለ። ትናንት ቡዳ፣ ዛሬ ሴሮቶኒን፤ ታማሚው ሁለቱንም አላያቸው። ጥናቶችም የሚሉት ሌላ ነው፦ እንዲህ ያለው ማብራሪያ ወቀሳን ቢቀንስም «ይህ ሰው አይድንም» የሚለውን ስሜት ያጠነክራል። ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል የወሰደው ዘመድ እንኳ ቢያንስ አብሮት ይሰነብታል።

ምንም ሳይጎድለው በድባቴ የሚያዝ ሰው አለ፣ በዘር የሚወረስ ድርሻም አለው፤ ይሁን። ግን በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ላይ ቤቷ የተቃጠለባት እናት እንቅልፍ አጣሁ ስትል ኬሚካልሽ ተዛብቷል ልንላት ነው? ከወለጋ ተፈናቅሎ የደብረ ብርሃንን ውርጭ በድንኳን የሚገፋውን አባወራስ? የተዛባው ኑሮው ነው! መጠለያው እዚያው ከተማ ነው ያለው። ባለሙያው ጎራ ብሎ ይጠይቃቸው። ኪኒን የሚፈልግ ካለ ይስጠው፤ ጣሪያ የሚሉትንም ማስታወሻው ላይ ያስፍርልን።