እርማት፦ ስለ ሞት መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም

እህቴ፣ ነርሷ ወንድምሽን «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብላ ስለጠየቀችው ተቆጥተሻል። «ያላሰበውን አሳሰበችው» ነው ያልሽው። ቁጣሽ ይገባኛል፤ ይህ እምነት ግን ስህተት ነው።

በጉዳዩ ላይ የተሠሩ ጥናቶች በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያመጣ አሳይተዋል። እንዲያውም ብዙ ሰው ይቀለዋል። ብቻውን ያፈነውን የሚሰማለት አገኘ ማለት ነው።

ጥያቄውንም ከራሷ አላመጣችውም። ድብርትን ለመለየት እኛም አገር የሚሠራበት ፒኤችኪው-9 የሚባል መጠይቅ አለ። ስላለፉት 2 ሳምንታት እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ድካም ይጠይቃል። 9ኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብ ነው። መልሱ «አዎ» ከሆነ ዋናው ሥራ ይጀምራል። እቅድ አለው? በምን? ከዚህ በፊት ሞክሯል? ቤት ውስጥስ ምን አለ? ገጠር ከሆነ የፀረ ተባይ መድኃኒት የት እንደሚቀመጥ ሳይጠየቅ መታለፍ የለበትም። ቤተሰብ መርዙን እንዲቆልፍበት ወይም ከቤት እንዲያወጣው ይመከራል። («ክፉ አታውራ» እየተባልን ስላደግን መጠየቁ ይከብደናል እንጂ።)

አጠያየቁ ግን ለውጥ ያመጣል። ሰው በተሰበሰበበት ኮሪደር ላይ ከሆነ የጠየቀችው፣ እዚያ ላይ ቅሬታሽ ልክ ነው። «እንዲህ ያለ ነገር አታስብም አይደል?» ማለትም አይረዳም፤ «አላስብም» እንዲል መገፋፋት ነው።

ወንድምሽ «አዎ» ካለ ብቻውን አትተዉት። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት። ጸበል የሚሄድ ከሆነም ይሂድ፤ ሐኪም ያዘዘለት መድኃኒት ካለ ግን እንዳያቋርጥ።