ጎንደርን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ?
«ጥር 11 በጠዋት በረራ ሄዶ ጥምቀትን ጎንደር አይቶ ማታ መመለስ ይቻላል» የሚለው ምክር ሰው ያስከስራል። ዋናው ነገር እኮ የሚያልቀው አውሮፕላኑ አዘዞ ሳያርፍ ነው። ታቦታቱ ከየደብራቸው የሚወጡት በከተራ፣ ጥር 10 ከቀትር በኋላ ነው፤ ሌሊቱን ማኅሌትና ቅዳሴ ሲካሄድ ያድርና ማለዳ የፋሲል መዋኛ ውኃ ይባረካል፤ ወጣቱም ዘሎ የሚገባው ቡራኬው እንዳበቃ ነው። ረፋድ የደረሰ የሚያገኘው የታቦታቱን መመለስ ነው፣ እሱም ቢሆን ያምራል፣ አልክድም። ቢቻል ጥር 9 ግቡ፤ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ወደ ደብሩ የሚመለሰው ጥር 12 ስለሆነ እሱን ሸኝታችሁ ውጡ። ከውጭ የምትመጡ ደግሞ ትኬት ስትቆርጡ «ሁልጊዜ ጃንዋሪ 19» የሚለውን አትመኑ፦ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በሚቀጥለው ዓመት ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላል። በእኛ አቆጣጠር 2012 እና 2016 እንደዚያ ነበሩ፣ 2020ም እንደዚያው ነው። «ለተመልካች የተሠራው የእንጨት ማማ ላይ ውጡ፣ ጥሩ ፎቶ ከዚያ ነው» የሚሉም አሉ፤ ግን በ2012 እንዲህ ያለ ማማ ሰው በዝቶበት ተደርምሶ ሰዎች ሞተዋል። ጢም ብሎ ከሞላ መሬት ላይ ቁሙ፣ ፎቶው ይቅር። ሌሊቱ ብርድ ነው፣ ጋቢ አይቅርባችሁ፤ ስልካችሁንም ቡራኬው ሳይጀመር በፌስታል ጠቅልሉ፣ ምክንያቱም ጸበሉ በጎማ ጭምር ስለሚረጭ ዳር የቆመውንም አይምርም። ለቤት ጸበል የሚወስድ ክዳኑ የሚገጥም ትንሽ ጠርሙስ ይበቃዋል፤ በዚያ ግፊያ ጀሪካን ይዞ መግባት ለራስም ለሰውም ጣጣ ነው።