ቆንጆዋ ትታይ፣ ወንዱ ይናገር

የቴሌቪዥን ባለሙያዎቻችን ምስጋና ይገባቸዋል። ካሜራ ተሸክመው ደሴ በገቡ ቁጥር የወሎን ሴት ከመናገር ድካም ለማዳን የሚያሳዩት ርኅራኄ የእናት አንጀት እንኳ አይደርስበትም። በአንድ የሰኞ ገበያ ዕለት በርበሬ የሚሸጡ እናት የመኪናውን፣ የጫኝ አውራጁንና የቀረጡን ወጪ በጣታቸው እየቆጠሩ ዋጋው ለምን እንደናረ ለጋዜጠኛው ሲያስረዱ ከጎናቸው ቆሜ ሰምቻለሁ። ማታ በዜና የታዩት ግን መቀነታቸውን ሲያጠብቁ ብቻ ነበር፤ ስለ ዋጋው የተናገረው ለልጁ ጫማ ሊገዛ የመጣ ጎልማሳ ሲሆን፣ "ያው ጊዜው ነው" ካለ በኋላ ከምስሉ ሥር "ነጋዴ" ተብሎ ተጽፎለታል።

ወጣት ቢሆኑ ኖሮ ዕድላቸው ይሰፋ ነበር። የጦሳን ተራራ ከጀርባ፣ ረከቦትን ከፊት አድርገው ያስቀምጧቸውና "የወሎ ቆንጆ" ይሏቸዋል፤ ይህ ማዕረግ ሙያም ሆነ አስተያየት አይጠይቅም። ኮምቦልቻም አልተረሳችም፤ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሰፉት ሴቶች ባለሥልጣን ሊጎበኝ በመጣ ቁጥር አጎንብሰው ይታያሉ፣ ስለ ሥራቸውም እንግዳው ይናገርላቸዋል። ድራማዎቻችን ደግሞ "አብሽር" የሚለውን የአገራችንን ቃል ለቤት ሠራተኛዋ ብቻ በመስጠት ከብክነት ጠብቀውታል። ዓይነ ስውሩንም ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አያርቁትም፤ ጠበቃ ወይም መምህር ሆኖ ቢታይ ተመልካች ግራ ይጋባል መሰለኝ። ከጎረቤታችን ከአርጎባ ሕዝብ ጋር የሚያገናኘን ቀጠሮም ተቆርጧል፤ ኅዳር 29፣ በብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ ጨፍሮ ያሳየናል፣ ችግሩን ለመጠየቅ ግን ይሉኝታ ይይዘናል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን እንዲያስተናግድ ያዝዛል። ይህም ተፈጽሟል፤ ጠዋት አንድ ኃላፊ፣ ማታ ሌላ ኃላፊ ይቀርባል። የካቲት 29፣ የሴቶች ቀን ሲደርስ እንዲያውም ሐኪሟም መሐንዲሷም ስቱዲዮ ድረስ ተጋብዘው፣ ሥራንና ትዳርን እንዴት አቻችለው እንደያዙ ይጠየቃሉ።

በሳምንቱ ሰኞ ወደ በርበሬ ሻጯ ጎራ ብዬ፣ "እማማ፣ ራስዎን በቴሌቪዥን አዩት?" አልኳቸው።

"አየሁ እንጂ ልጄ፤ መቀነቴ አምሮብኛል" አሉና ሚዛናቸውን እያስተካከሉ ጠየቁኝ፤ "ለመሆኑ ያ ሰውዬ በርበሬ መሸጥ የጀመረው መቼ ነው?"