«አይም ጉድ»

አገር ቤት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። እኔም ግራመሩን በደንብ ተምሬ ነው አሜሪካ የገባሁት። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ አንድ ቁርስ ቤት ሥራ ያዝኩ። በሁለተኛው ቀን ለአንድ አዛውንት ቡና ልጨምርላቸው ጠጋ አልኩ። «አይም ጉድ» አሉኝ። ደህና ነኝ ማለታቸው መስሎኝ ማንቆርቆሪያውን ዘንበል ሳደርግ ኩባያቸውን በመዳፋቸው ከደኑት። ለጥቂት እጃቸውን አላቃጠልኩም። ለካ «ይበቃኛል» ማለታቸው ነው!

ቃሉን እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እንዲህ እንደሚባል ግን ማንም አልነገረኝም።

ደግሞ እኛ ጋ እንግዳ «በቃኝ» ቢል ማን ይሰማዋል? «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» እየተባለ ጉርሻው ይከተላል። የመጀመሪያው እምቢታ ይሉኝታ ነው። እውነቱ የሚታወቀው ሦስተኛው ላይ ነው። እዚህ አንዴ «አይም ጉድ» ካልክ አለቀ፣ ሳህኑ ይነሳል። በይሉኝታ እንዲህ ብለው ሆዳቸው ባዶ ከግብዣ የተመለሱ ስንት የኛ ልጆች አውቃለሁ።

እህቴ በሰላም የተገላገለች ጊዜ ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነገርኳት። «ሻት አፕ!» ብላ ጮኸች። ቃል በቃል «አፍህን ዝጋ» ማለት ነውና ደነገጥኩ። ፊቷን ሳየው ግን በደስታ በርቷል። ቆይቼ ሳስበው እኛም የምሥራች ስንሰማ «ውሸት!» እንል የለ? ዋሾ ተባልኩ ብሎ የሚቀየም ሰው አላየሁም። ከዚያ ወዲህ እንግሊዝኛቸው ሲከብደኝ መጀመሪያ የማየው ፊታቸውን ነው። ካልገባኝም እጠይቃለሁ። ሲጠየቁ ቅር የሚላቸው ጥቂቶች ናቸው።

የሚያሳዝነኝ አዲስ የመጡት ናቸው። ሳይገባቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ቀስ በቀስም ዝምተኛ ይሆናሉ። ቀድመን የመጣነው ወረቀት እንዴት እንደሚሞላ እናሳያቸዋለን፣ ሥራ እናፈላልግላቸዋለን። እንዲህ ያለውን አነጋገር ግን አንነግራቸውም። እንደ ቁም ነገር ስለማንቆጥረው ይመስለኛል።

ባለፈው ወር አንድ ከመጣ ሦስት ወር የሆነውን ልጅ ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ፀሐፊዋ ወረቀቱን ተቀብላ «ዩ አር ኦል ሴት» አለችው። እሱ ግን ከመስኮቱ አልተንቀሳቀሰም። ከኋላው ሰልፍ አለ። እሷ ትጠብቃለች፣ እሱም ይጠብቃል። ጠጋ ብዬ «ጨርሰሃል፣ እንሂድ ማለቷ ነው» አልኩት። በሩን እንደወጣን ስልኩን አወጣና በፊደላችን ጻፈው። «ሌላስ ምን አለ?» አለኝ። እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ እየነገርኩት ሄድን።